በበሩና በመስኮቱ ላይ ስለምናሸማቅቃቸው ሰዎች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ አገልግሎት አሰጣጥ በጋዜጣ ብዙ ተጽፏል። መጉላላቱ፣ ጉቦው፣ «ሲስተም የለም» የሚለው መልስ፣ የነገ ቀጠሮው ሁሉም ተነስቷል። እምብዛም የማይነሳው ባለጉዳይ ጉዳዩ ተፈጽሞለት እንኳ አንገቱን ደፍቶ የሚወጣበት ምክንያት ነው። እኛ በመሀል አዲስ አበባ፣ ከፒያሳ እስከ ለገሃርና ሜክሲኮ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ ባሉ መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮችና ሆቴሎች ለጥበቃዎች፣ ለእንግዳ ተቀባዮችና ለሰው ኃይል ሠራተኞች ሥልጠና የምንሰጥ ባለሙያዎች ነን። ከሌላ አካባቢ፣ ከሌላ ቋንቋ፣ ከሌላ እምነት ወይም ከሌላ ኑሮ የመጣን ሰው በየቀኑ በትንሽ በትንሹ የምናሸማቅቀው አብዛኛውን ጊዜ በልማድ ነው። ልማድን ደግሞ ምክር ብቻ አይመልሰውም። የበሩ፣ የመስኮቱ፣ የቅጹና የቃለ መጠይቁ አሠራር መለወጥ አለበት። ደብዳቤያችን እንዴት እንደሚለወጥ ለማሳየት ነው።

ነገሩ በሙያው ማይክሮአግሬሽን ይባላል። ስሙን በ1970 እ.ኤ.አ. ያወጡለት የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የአእምሮ ሐኪም ቼስተር ፒርስ ናቸው፤ ያጠኑትም በአሜሪካ ጥቁሮች ላይ በየዕለቱ የሚደርሰውን ጥቃቅን ንቀት ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. ዴራልድ ዊንግ ሱና ባልደረቦቻቸው በሦስት ከፈሉት፦ ታውቆ የሚሰነዘር፣ ተናጋሪው ሳይታወቀው የሚያዋርድ፣ የተጎዳውን ሰው ስሜት «ምንም አይደለም» ብሎ የሚያጣጥል። ክፍፍሉ ለእኛም ይሠራል። ምሳሌዎቹን ግን ከአሜሪካ መዋስ አያስፈልገንም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪው፣ ሸማኔውና ሌላው ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ባርነትም በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም አዋጆች ለምን እንዳስፈለጉ ሁላችንም እናውቃለን። ስድቡ ከአደባባይ ሲከለከል ብዙው ወደ ቀልድ፣ ወደ ሙገሳና ወደ አጠራር ተዛወረ። ዛሬ ሰው የሚጎዳው እዚያ ውስጥ ነው። አንዱ ንግግር ለብቻው ሲታይ ኢምንት ነው፤ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር፣ የሚያቆስለው ቀኑን ሙሉ ሲሄዱበት ነው።

መለያው ቀላል ነው። የጥበቃ ሠራተኛውም፣ የመስኮት ሠራተኛዋም፣ አለቃውም ከመናገራቸው በፊት በልባቸው ሦስት ነገር ይጠይቁ። ይህን ጥያቄ ከዚህ ሰው በፊት የመጣውን ባለጉዳይ ጠይቄዋለሁ? መልሱ ለያዝኩት ጉዳይ ያስፈልገኛል? አልመልስም ማለት ቢፈልግ ሳይፈራ ሊለኝ ይችላል? ከሦስቱ ለአንዱ እንኳ መልሱ «የለም» ከሆነ ጥያቄው ይቅር።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳብን ክርክር አለ። «የት አገር ልጅ ነህ ማለትም ነውር ሆነ እንዴ?» ይሉናል። ነውር አይደለም። አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት መንገደኞች አገር ቤታቸውን ቢጠያየቁ ወዳጅነት ነው፤ ሁለቱም መጠየቅ ይችላሉ፣ ሁለቱም ወሬውን ማዞር ይችላሉ። መስኮት ላይ ግን አንደኛው ማኅተም ይዟል። ባለጉዳዩ መልሱ ፋይሉን ያፈጥነው ወይም ያስቀረው እንደሆነ አያውቅም። አገራችን ባለፉት ዓመታት ያየችውን ሁሉ አይቶ የመጣ ሰው፣ ስሙን ከተናገረ በኋላ «ትውልድህ የት ነው?» ሲባል ልቡ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። የመኖሪያ አድራሻ ካስፈለገ «የሚኖሩት የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ወደ በሩ እንሂድ። በር ላይ የሚበላሹት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ማን ይፈተሻል፣ ማን ይጠየቃል፣ በምን አጠራር ይጠራል። ሱፍ የለበሰው «ጤና ይስጥልኝ፣ ይግቡ» ሲባል ጋቢ የደረቡት ሽማግሌ «አንተ፣ ወዴት ነው?» ይባላሉ። ነጭ እንግዳ ቦርሳው ሳይከፈት ያልፋል፤ ከኋላው ያለው፣ ለአፍሪካ ኅብረት ስብሰባ የመጣው ጥቁር አፍሪካዊ ኪሱን ይገለብጣል። ከጋምቤላ የመጣን ኢትዮጵያዊ በእንግሊዝኛ ያናግሩታል፤ በአማርኛ ሲመልስላቸው ደግሞ «አማርኛ ትችላለህ?» ብለው ይደነቃሉ። በገዛ አገሩ ዋና ከተማ ባዕድ መሆኑ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተነገረው ማለት ነው።

የምናስተምረው አሠራር ለሁሉም አንድ ዓይነት ንግግር ነው፦ «እንደምን አደሩ፤ ወደ የትኛው ክፍል ነው የሚሄዱት? ቦርሳዎን ልየው።» አጠራሩ አካለ መጠን ላደረሰ ሰው ሁሉ «እርስዎ» ነው፤ በልብስ አይመዘንም። «ፋዘር»፣ «ማዘር»፣ «ሼባ» ይቀራሉ። ንግግር የሚጀመረው ከማንም ጋር በአማርኛ ነው፤ ቋንቋ የሚቀየረው ሰውየው ራሱ በሌላ ቋንቋ ሲመልስ ነው። ፍተሻው ሁሉንም ሰው የማያዳርስ ከሆነ በቁጥር ይወሰን፤ ለምሳሌ እያንዳንዱ አምስተኛ ሰው ይፈተሽ። «የተጠረጠረ ይፈተሽ» የሚል ትእዛዝ የተሰጠው ጥበቃ የሚጠረጥረው ከልጅነቱ ጠርጥር የተባለውን ሰው ነው። ኒቃብ የለበሰች ሴት ማንነቷ መረጋገጥ ካለበት በተከለለ ቦታ፣ በሴት ጥበቃ፣ በአጭር ጊዜ ይሁን። ይህ በደንብ ተጽፎ የሚከሽፍባቸው ሕንፃዎች ብዙ ናቸው፤ ምክንያቱም አንዲት ሴት ጥበቃ ብቻ ትመደባለች፣ እሷ ምሳ ስትወጣ ተተኪ የለም። በየፈረቃው ሁለት ሴቶች ያስፈልጋሉ።

በተሽከርካሪ ወንበር የመጣን ሰው ዘሎ የሚገፋለትን ሰው «ምን ፈልጎ ነው?» ማለት፣ ዓይነ ስውርን ሳይጠይቁ ክንድ ይዞ መጎተት እዚያው በር ላይ የሚታዩ ናቸው። መጀመሪያ ሰውየውን ማናገር፣ ቀጥሎ «ልርዳዎት?» ብሎ መልሱን መጠበቅ ነው። የሕንፃ ሕጉ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ያዛል። መግቢያው ተሠርቶ ሲያበቃ መኪና ከቆመበት፣ ወይም በጓሮ ሆኖ ቁልፉ የማይገኝ ከሆነ ግን ሰውየው አሁንም በር ላይ ቆሞ ሰው እየለመነ ነው።

መስኮቱ ላይ ትልቁ ነገር ስም ነው። ሠራተኛዋ «ስምዎን ይንገሩኝ» ትላለች፤ እንደሰማችው ትደግመዋለች፤ «በትክክል ጠራሁት?» ትላለች፤ ትጽፈዋለች፤ የጻፈችውን ወደ ባለጉዳዩ አዙራ ታሳያለች። ሩብ ደቂቃ አይፈጅም። ስሙን አታሳጥርም፣ «ምን ማለት ነው?» አትልም፣ ሲከብዳት አትስቅም፣ ለምላሷ በሚቀላት ሌላ ስም አትተካውም። ሁለት ጊዜ ሞክራ ካልቻለች «ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ ቀስ ብለው ይንገሩኝ» ማለት ያስከብራታል። ከገጠር የመጣችን የቤት ሠራተኛ ስሟ «አልያዝ አለኝ» ተብሎ ሌላ ስም የማውጣት ልማድም የዚሁ ዘር ነው፤ አሳዳሪዋ ያቆላመጠቻት ይመስላታል፣ ልጅቷ ግን እናቷ ባወጣችላት ስም የሚጠራት ሰው አጥታ ትኖራለች።

በስም ላይ የሚደርስ ሌላ በደል አለ፤ ከንቀት ይልቅ ካለማወቅ ስለሚመጣ ማረሙ ቀላል ነው። ከኦሮሚያ የሚመጣ የትምህርት ማስረጃ በቁቤ ይጻፋል። በቁቤ ኤክስ የምንላት ፊደል «ጠ» ናት። ሲ ብቻዋን ስትሆን «ጨ» ናት፤ ሲና ኤች ሲጣመሩ «ቸ» ይሆናሉ። ፒና ኤች ተጣምረው «ጰ» እንጂ «ፈ» አይደሉም፤ ዲና ኤች ደግሞ አማርኛ የሌለውን «ዸ»ን ይሰጣሉ። አናባቢው ሲረዝም ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ስለዚህ ጫልቱ የምትባል ወጣት በማስረጃዋ ላይ ስሟ በሲ ብቻ፣ በፓስፖርቷ ላይ በሲና ኤች ሊጀምር ይችላል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ «ስምሽ አይገጥምም፣ አስተካክለሽ ነይ» ብሎ ይመልሳታል። የማታስተካክለውን ነገር ልታስተካክል ክፍለ ሀገር ትሳፈራለች። የሚያስፈልገው የቁቤና የአማርኛ ፊደላትን ጎን ለጎን የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ይለጠፍ፣ አለቃውም በልዩነቱ ላይ «የአጻጻፍ ልዩነት» ብሎ የመፈረም ሥልጣን ይሰጠው።

አማርኛው ስለሚሰበር ሰው ደግሞ ይህን እንበል። በአፋን ኦሮሞም በሶማልኛም «አንተ» እና «አንቺ» በአንድ ቃል ይጠራሉ። ሴትን «አንተ» ያለ ሰው አልተሳደበም፣ ያልተማረም አይደለም፤ የአፍ መፍቻው የማይለየውን በሁለተኛ ቋንቋው እየለየ ነው፣ አንዳንዴም ይስታል። እሱን ቀድተው የሚስቁበት ብዙዎች አንድ ቋንቋ ብቻ የሚያውቁ ናቸው። እንዲህ ያለው ባለጉዳይ ሲመጣ ድምፅ ከፍ ማድረግ ትልቁ ስሕተት ነው፤ ሰውየው መስማት አልተሳነውም። አረፍተ ነገሩ አጭር ይሁን፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠየቅ፣ ከጥያቄው በኋላ አምስት ሰከንድ ያህል በዝምታ ይጠበቅ። ያቺ አምስት ሰከንድ ለጠያቂው ትረዝማለች፣ ለሚመልሰው ግን ቃል የሚፈልግባት ጊዜ ናት። የክፍያ መጠን፣ የክፍል ቁጥርና ቀጠሮ በቁጥር ተጽፎ ይሰጠው። ሰዓት ሲጻፍ «ከጠዋቱ» ወይም «ከሰዓት» የሚለው አይዘለል።

አስተርጓሚ ካስፈለገ ከወረፋው ሰው አይጠራ። የጤና፣ የገንዘብና የቤተሰብ ጉዳይ በማያውቁት ሰው አፍ አይነገርም። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹ ምን ምን ቋንቋ እንደሚችሉ በፈቃዳቸው መዝግቦ፣ ስልካቸውን ለእንግዳ ተቀባይዋ ቢሰጥ ችግሩ በአብዛኛው ይቃለላል። ለዚህ ሥራ የሚጠራ ሠራተኛ ግን የራሱ ሥራ እየተከመረበት ነውና ሰዓቱ ይያዝለት፤ ካልተያዘለት በሦስተኛው ወር ስልኩን ማንሳት ያቆማል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 5 ለሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች እኩል እውቅና ሰጥቷል፤ በ2012 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥት አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ ከአማርኛ ጋር የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ወስኗል። ውሳኔው መስኮቱ ድረስ የሚደርሰው በዚህ ዓይነት ጥቃቅን ዝግጅት ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ሙገሳ ነው። «አማርኛህ እኮ ጥሩ ነው»፣ «የዚያ አገር ሰው አትመስልም»፣ «ሙስሊም መሆንሽ አያስታውቅም»፣ «ጠይም ብትሆንም ታምራለች»፣ «ዓይነ ስውር ሆነህ ይህን ሁሉ ተማርክ?» የሚሉት ሁሉ በፈገግታ የሚነገሩ ናቸው። የሚናገረው ሰው ከልቡ አድንቋል። የሚሰማው ግን «የአንተ ዓይነቱ ሰው እንዲህ አይሆንም ነበር» የሚለውን ይሰማል። ምስጋና ከተፈለገ የተሠራው ሥራ ይመስገን፦ «ሪፖርቱን በደንብ አደራጅተኸዋል»፣ «ማብራሪያሽ ግልጽ ነበር።» በዓል ሲመጣ ሽሮ ሜዳ ወርደን ጥበብ እየመረጥን፣ የሸማኔውን ልጅ ቢሮ ውስጥ «እጅህ የት ሄዶ!» እያልን መቀለዳችንም ከዚህ አይለይም። ቀልዱ የሚያስቀው የሸማኔነት ነገር ዝቅ ያለ ነው ብሎ ለሚያምን ጆሮ ብቻ ነው።

አድልዎ ሁልጊዜ ፊቱን አጨፍግጎ አይመጣም፤ ብዙውን ጊዜ ስቆ ነው የሚመጣው። ሠራተኛው የሚያውቀውን ዘዬ ሲሰማ ድምፁ ይለሰልሳል፣ ወንበር ይስባል፣ «የአገሬ ልጅ» ይላል፣ የጎደለውን ፎቶ ኮፒ «ግድ የለም፣ በኋላ ታመጣዋለህ» ብሎ ያልፈዋል። ቀጥሎ ለመጣው ባለጉዳይ አንድም ክፉ ቃል አይናገርም። የጎደለውን ግን «አሟልተህ ና» ይለዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ቀን ምልልስ፣ የደርሶ መልስ ታክሲና ከሥራ መቅረት ነው። ሠራተኛው ቢከሰስ «ማንን ሰደብኩ?» ብሎ ይምላል፣ እውነቱንም ነው። ቅሬታ ሰሚው ጋ የሚቀርብ ነገርም የለም፤ የተጎዳው ሰው ከእሱ በፊት የነበረው ምን እንደተደረገለት አላየም።

ስለዚህ አለቆች የስድብ ቅሬታ መቁጠር ትተው ይቅር የተባለውን ይቁጠሩ እንላለን። ለአንድ ወር ሰነድ ሳያሟላ የተስተናገደ ባለጉዳይ ሁሉ ይመዝገብ፦ ቀኑ፣ ተራ ቁጥሩ፣ የጎደለው ሰነድ፣ የፈቀደው ሠራተኛ። በዚያው ወር ሰነድ ጎድሎት የተመለሰውም እንደዚሁ ይመዝገብ። ሁለቱ ዝርዝሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ሠራተኛ ለማን እንደሚራራ ያለ ምንም ክርክር ይታያል። ከዚያ በኋላ የትኛው ሰነድ በኋላ ሊመጣ እንደሚችል፣ በስንት የሥራ ቀን ውስጥ መቅረብ እንዳለበት ተወስኖ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። መመዝገቡ ያለ ቅጣት መጀመር አለበት። የመጀመሪያው ወር መዝገብ ለቅጣት ከዋለ ሁለተኛው ወር ላይ የሚገኘው ባዶ ገጽ ነው።

ቅጹን በተመለከተ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ይህ መስመር ለየትኛው ውሳኔ ይጠቅማል? ፋይዳ መታወቂያ ብሔርና ሃይማኖት አይጠይቅም። ከቀበሌ መታወቂያ ዘመን እየተገለበጠ የመጣ ቅጽ ላይ ግን «ብሔር» የሚለው መስመር ዛሬም አለ፤ ለምን እንደሚሞላ የሚያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። መስመሩ ይሰረዝ። ለስታቲስቲክስ በእርግጥ ካስፈለገ በተለየ ወረቀት፣ ያለ ስም፣ በመጨረሻ ይሞላ። «በመጨረሻ» ያልነው በምክንያት ነው። ክሎድ ስቲልና ጆሹዋ አሮንሰን በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከፈተና በፊት ዘራቸውን በቅጽ ላይ እንዲሞሉ የተደረጉ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ካልሞሉት ያነሰ ውጤት አምጥተዋል። ከዚያ ወዲህ ከተደረጉ ጥናቶች ብዙዎቹ ያንን ያህል ልዩነት አላገኙም፤ ቢሆንም መስመሩን ከፈተናው በኋላ ማድረግ ምንም አያስከፍልም።

ቅጥር ላይ ሲደርስ ጉዳቱ እንጀራ ይሆናል። ሁለት ኢኮኖሚስቶች፣ ማሪያን በርትራንድና ሰንድሂል ሙላይናታን፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ወደ 5000 የሚጠጉ የፈጠራ ማመልከቻዎችን በቦስተንና በቺካጎ ለሚገኙ ቀጣሪዎች ልከው ነበር። የማመልከቻዎቹ ይዘት ተመጣጣኝ ሆኖ ስማቸው የነጭ የሚመስለው የጥቁር ከሚመስለው በ50 በመቶ የበለጠ ጥሪ አገኙ። እኛ ጋ ስም ብዙ ይናገራል፤ አንዳንዴ የአባት ስም ብቻውን አካባቢንም እምነትንም ያሳብቃል። ስለዚህ የሰው ኃይል ክፍሉ ማመልከቻውን ሲቀበል ተራ ቁጥር ይስጠው፤ ስሙን፣ ፎቶውን፣ የትውልድ ቦታውንና የተማረበትን ትምህርት ቤት ስም በወረቀት ሸፍኖ ኮፒ ያድርገው። ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ለየብቻ ከአምስት ነጥብ ይስጡ። በመካከላቸው የሁለት ነጥብ ያህል ልዩነት ከተፈጠረ ሦስተኛ ሰው ያንብበው።

ቃለ መጠይቁ ላይ ጥያቄዎቹ አስቀድመው ተጽፈው፣ አምስት ወይም ስድስት ሆነው፣ ለሁሉም በአንድ ቅደም ተከተል ይጠየቁ። ከ1 እስከ 5 ያለው ነጥብ እያንዳንዱ ምን ማለት እንደሆነ ከመጀመሪያው ተፈታኝ በፊት ይጻፍ። ጠያቂዎቹ ነጥባቸውን አስፍረው ሳይጨርሱ አይወያዩ፤ ካወሩ የአንጋፋው አስተያየት የሁሉም ነጥብ ይሆናል፣ ይህ በእኛ ባህል በጣም የጠነከረ ነው። የአነጋገር ዘዬ ነጥብ የሚኖረው ሥራው ሲጠይቅ ብቻ ነው፤ ያኔም መመዘኛው «ደንበኛው ይረዳዋል?» የሚለው ይሁን። ለመጋዘን ሠራተኛ ወይም ለሒሳብ ባለሙያ «አማርኛ አጥርቶ የሚናገር» ብሎ ማስታወቂያ ማውጣት ብዙ ሰው ሳይመጣ ማስቀረት ነው። «የማን ልጅ ነሽ?»፣ «አግብተሻል?»፣ «ሻርፑን ሥራ ላይም አታወልቂውም?» ለማሟሟቅ ተብለው የሚጠየቁ ናቸው፤ ተፈታኟ ግን ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት ተፈርዶባታል። ማሟሟቂያ ከተፈለገ «መንገዱ እንዴት ነበር?» አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 14 አሠሪ በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በአካል ጉዳትና በመሳሰሉት በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል።

ተያዥ የሚባለውን ደግሞ ማንም ከአድልዎ አይቆጥረውም። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ቀጣሪ «ቋሚ ሥራ ያለው፣ ደመወዙ ከአንተ የማያንስ፣ እዚሁ ከተማ የሚኖር ተያዥ አምጣ» ይላል። ደንቡ ስለማንም አይናገርም። ግን እዚህ ዘመድ የሌለው፣ ከጂንካ ወይም ከአሶሳ ተምሮ የመጣ ወጣት ፈተናውን አንደኛ ወጥቶ እንኳ እዚህ ላይ ይቀራል፤ አጎቱ ባንክ የሚሠራለት ግን ሦስተኛ ሆኖ ይገባል። ተያዥ ገንዘብና ንብረት ለሚረከብ ሥራ ብቻ ይጠየቅ፤ ከክልል የመጣ የተረጋገጠ ዋስትና ተቀባይነት ይኑረው፤ አንድ ሰው ሙሉውን ከሚይዝ ሁለት ሰዎች ግማሽ ግማሹን ቢይዙ ይፈቀድ። ይህን ያላደረገ መሥሪያ ቤት የቀረውን ሁሉ ቢያስተካክል የሚቀጥረው ያው የከተማ ዘመድ ያለውን ነው።

የቤት ኪራይ ደላላ «ሃይማኖቱ ምንድነው? ብሔሩስ?» እያለ ቤት የሚያሳይበት ልማድ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ስለሚፈልግ እዚህ አንገባበትም። ስለ ስብሰባና ምግብ ግን በአጭሩ። የመንግሥት ሥራ ዓርብ ለምሳ ከ5:30 እስከ 7:30 የሚቆመው ለጁምዓም እንዲመች ነውና ዓርብ 7:00 ሰዓት ላይ ስብሰባ አይጠራ። ምግብ ሲታዘዝ የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ በየራሱ ዕቃ፣ በየራሱ ማንኪያ፣ በሚነበብ ጽሑፍ ይቅረብ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ማንኪያው ላይ ነው፤ ሳህኑ ተለይቶ ማንኪያው ይደባለቃል፣ ከዚያ በኋላ ሥጋው ለማን እንደሆነ መለየቱ ዋጋ የለውም። በጀት ካልፈቀደ የጾም ምግብ ብቻ ቢታዘዝ ሁሉም ይበላል።

አንድ ሰው ሲሸማቀቅ አጠገቡ ያለ ሰው ምን ያድርግ? አጭር ነገር ይናገር፣ በዚያው ሰዓት ይናገር። «እሳቸውን ይጠይቋቸው፣ እዚሁ ናቸው።» «ስሟ ጫልቱ ነው።» «ተው እንጂ፣ ይህ ጨዋታ ይቅርብን።» ተናጋሪው አለቃ ወይም በዕድሜ የገፋ ከሆነ በሰው ፊት ማረም አይሆንም፤ ወሬውን ወደ ሥራው መመለስ ግን ይቻላል፦ «ጋሼ፣ ቀጣዩን ጥያቄ እኔ ልጠይቅ?» በኋላ ለብቻ ይነገረዋል። የተጎዳውን ሰው ደግሞ «አይዞህ፣ ቀልድ ነው» አይበሉት፤ ያ ከመጀመሪያው የባሰ ነው። «ሰምቻለሁ፣ ምን ላድርግልህ?» ይበሉት። ምንም እንዲደረግ ካልፈለገ ይከበርለት። የተናገረው ሰው ሲነገረው «ይቅርታ» ብሎ ወዲያው የተበላሸውን ያስተካክል። ስለ ደግነቱና ከዚያ ብሔር ስላሉት ጓደኞች ረጅም ማብራሪያ ከጀመረ አጽናኙ የተጎዳው ሰው ይሆናል።

ሥልጠናውስ? እኛ አሠልጣኞች ብንሆንም የአንድ ቀን ሥልጠና ከነባነሩና ከነምሳው ብቻውን ምንም እንደማይለውጥ በግልጽ እንናገራለን። በማግስቱ ያው ቅጽ፣ ያው ወረፋ፣ ያው የበር ትእዛዝ ይጠብቃል። አንዳንዴም ይባስ ብሎ ሠራተኛው «ስሳሳት እያዩኝ ነው» ብሎ ከሌላ አካባቢ የመጣውን ሰው ማናገር ይፈራል፣ ሰላምታም ይቀንሳል፤ ይህም ማግለል ነው። በሥልጠና ላይ አንዱን ተነስተህ ስለ ብሔረሰብህ ንገረን ማለትም አይገባም፤ የተሸማቀቀ ሰው አስተማሪ የመሆን ዕዳ የለበትም። የሚሠራው በየሁለት ሳምንቱ 30 ደቂቃ፣ መስኮቱ ላይ፣ በእውነተኛ ቅጽና በእውነተኛ ንግግር መለማመድ ነው፤ አንዱ ሠራተኛ ባለጉዳይ ይሆናል፣ ሌላው ያስተናግዳል፣ ሦስተኛው ሦስቱን ጥያቄዎች ይዞ ይከታተላል።

ለተጎዱትም አንድ ነገር። የሆነውን በዚያው ቀን ይጻፉት፦ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የመስኮቱ ቁጥር፣ የተባለው ቃል እንዳለ፣ ማን እንደነበረ፣ ጉዳዩ ምን ላይ እንደቀረ። «ናቁኝ» የሚል አቤቱታ ቅሬታ ሰሚው ጠረጴዛ ላይ ይሞታል፤ «ስሜን ከሰማ በኋላ ትውልዴን ጠየቀኝ፣ ከእኔ በኋላ የነበሩትን ሁለት ሰዎች አልጠየቀም» የሚለው ግን መልስ ያስፈልገዋል። መጀመሪያ ለቅርብ ኃላፊው፣ ቀጥሎ ለቅሬታ ሰሚው በጽሑፍ ይቅረብ፤ ኮፒው ላይ የተቀበለው ሰው እንዲፈርም ይጠየቅ። ከዚያ በላይ ሲሄድ በአዋጅ ቁጥር 210/1992 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፣ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመውም የእንባ ጠባቂ ተቋም አሉ፤ የመጀመሪያው የመብት ጥሰትን፣ ሁለተኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን የአስተዳደር በደል ይመለከታሉ። ሁለቱም ጋ ሲኬድ ያቺ በዕለቱ የተጻፈች ወረቀትና የተፈረመባት ኮፒ ይያዙ።

ከአክብሮት ጋር፣

በመሀል አዲስ አበባ የምንሠራ የደንበኛ አገልግሎትና የሰው ኃይል አሠልጣኞች